የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሰማዕት የሕይወት ታሪክና የክረምት ማኅበራችን

በኦሪት ሕግ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ የሚመጣው ኀምሳኛው ዓመት ኢዮቤልዩ ይባላል። በዚያ ዓመት መለከት ይነፋል፤ ባሪያው ነጻ ይወጣል፤ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። እንግዲህ ደብራችን ኢዮቤልዩዋን ስታከብር የተሠራውን ሕንፃና የተገዛውን ንዋየ ቅድሳት ብቻ ቈጥራ ብታልፍ፥ የበዓሉን ስም አከበረች እንጂ ምሥጢሩን አላገኘችም። የበዓሉ ምሥጢር ነጻነትና የርስት መመለስ ነውና። ስለዚህ ለዚህ መጽሐፍ አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በታዘዝሁ ጊዜ፥ ርስት ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ደማቸውን ያፈሰሱትን የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስን ታሪክ መረጥሁ።

ይህንም የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ስለ ቦታው ነው። መታሰቢያ ሐውልታቸው ከመርካቶ ወደ ማዘጋጃ ቤት በሚያወጣው መንገድ ላይ የቆመ ስለሆነ፥ ከዱባይ ተራ ተነሥቶ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሰው ሁሉ በእግራቸው ሥር ያልፋል። ነገር ግን ዕለት ዕለት የሚያዩትን ነገር ልብ አለማለት የሰው ልማድ ነውና፥ ከሚያልፉት ብዙዎቹ ቀና ብለው አይመለከቱም። ሁለተኛው ስለ ጊዜው ነው። ብፁዕነታቸው ያረፉት በክረምት፥ በሐምሌ ወር ነው። ክረምትም በደብራችን ሕዝብ የሚሰበሰብበት፥ ሱባኤ የሚያዝበት፥ የማኅበሩ ፍቅር የሚታይበት ወራት ነው። ስለዚህ የእርሳቸውን ክረምትና የእኛን ክረምት አንድ ላይ ማሰብ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

አቡነ ጴጥሮስ የተወለዱት በሰላሌ፥ በፍቼ ነው። ከጵጵስናቸው በፊት የሚጠሩት መምህር ኃይለ ማርያም ተብለው ነበር። ሰላሌ ለደብረ ሊባኖስ ቅርብ አገር በመሆኑ፥ በዚያ የተወለደ ሕፃን ገና አፉን ሲፈታ የጻድቁን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ስም እየሰማ ያድጋል። እርሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምረው ወደ ትምህርት አዘነበሉ። ፊደል ቈጥረው፥ ዳዊት ደግመው፥ በየጉባኤው እየተዘዋወሩ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከፈጸሙ በኋላ መነኰሱ፤ ከዚያም የመምህርነትን ሥራ ይዘው ብዙ ደቀ መዛሙርትን አስተማሩ።

የአገራችን ተማሪ ቤት ምን እንደሚመስል ለማያውቁ ልጆቻችን ጥቂት ልንገራቸው። ተማሪው አባቱንና እናቱን ትቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ ይዞ ወደማያውቀው አገር ይሄዳል። ቀን በማርያም ስም ቁራሽ ለምኖ ይመለሳል፤ ማታ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል። ክረምት በገባ ጊዜ መከራው ይበረታል፤ ጎጆው ያፈሳል፥ ወንዙ ይሞላል፥ ገበሬውም ጎተራው የሚጐድልበት ጊዜ ስለሆነ ቁራሹ ያንሳል። ነገር ግን ፍቅር የሚፈተነው በዚያን ጊዜ ነው። ያገኘው ላላገኘው ያካፍላል፤ ጤነኛው ለታመመው ይለምናል፤ የገባው ላልገባው ይነግረዋል። የጓደኛውን ድርሻ ሰውሮ የበላ ተማሪ ምንም ቅኔው ቢያምር በጓደኞቹ ዘንድ ክብር የለውም። አቡነ ጴጥሮስም ያደጉት በዚህ ሥርዐት ነው። ከሌላው ጋራ መራብን በልጅነቱ የተማረ ሰው፥ በሽምግልናው ከሕዝቡ ተለይቶ መጥገብን አይችልምና፥ ፍጻሜያቸውን ለመረዳት ይህን መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቤተ ክርስቲያናችን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ 1,600 ዓመት ያህል ጳጳሷን የምታገኘው ከእስክንድርያ መንበር ነበር። ከግብፅ የሚመጡት አባቶች የአገሩን ቋንቋ ሳያውቁ ይመጡ ስለነበር፥ እረኛውና መንጋው የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ልጆች መካከል ጳጳሳት እንዲሾሙላቸው ብዙ ዘመን ሲለምኑ ኖረው፥ በ1921 ዓ.ም. ልመናቸው ተሰማ። በዚያ ዓመት መምህር ኃይለ ማርያም ከሦስት ሊቃውንት ጋራ ወደ ግብፅ ወርደው በፓትርያርኩ በአባ ዮሐንስ 19ኛ እጅ ተሾሙ። ስማቸውም አቡነ ጴጥሮስ ተባለ። አብረዋቸው የተሾሙት አቡነ አብርሃም፥ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ናቸው። በሚከተለው ዓመት፥ በ1922 ዓ.ም.፥ ፓትርያርኩ ራሳቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው እጨጌ ገብረ መንፈስ ቅዱስን አቡነ ሳዊሮስ ብለው ሾሙና አምስተኛ ሆኑ።

በዚያን ጊዜ ሕዝቡ በእነዚህ አባቶች ሹመት እጅግ ተደሰተ። ነገር ግን በቋንቋው የሚናገርለት ጳጳስ መከራ በመጣ ጊዜ ምን እንደሚናገርለት ገና አላወቀም ነበር። ያም የሚታወቅበት ቀን አልዘገየም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ አገራችን ገባ። ብፁዕነታቸውም ከሠራዊቱ ጋራ ወደ ሰሜን ዘመቱ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው የተደረገውን ጦርነት፥ ከሰማይ የሚወርደውንም የመርዝ ጢስ ሕዝቡ በምን ስቃይ እንዳሳለፈው የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታቸውን ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ለማቅረብ ከአገር ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም ጠላት አዲስ አበባን ያዘ። አቡነ ጴጥሮስ ግን ወደ ሌላ አገር መሰደድን አልመረጡም፤ ከተማ ገብተውም ለአዲሱ ገዢ መገዛትን አልመረጡም። ወደ ተወለዱበት አገር፥ ወደ ሰላሌና ወደ ደብረ ሊባኖስ ተመልሰው፥ በዚያ ከነበሩት ከደጃዝማች አበራ ካሣና ከወንድማቸው ከደጃዝማች አስፋ ወሰን ካሣ እንዲሁም ከአርበኞቹ ጋራ ሆኑ።

በዚያ ክረምት አርበኞቹ ከየአቅጣጫው ተነሥተው በአንድ ቀን አዲስ አበባን ለመውጋት ተማከሩ። ክረምቱን የመረጡበት ምክንያት ነበራቸው፤ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ የጠላት መኪና እንደልቡ አይሄድም፥ ደመናውም አውሮፕላኑን ያግደዋል ብለው ነው። ነገር ግን ጠላትን ያሰናክላል ያሉት ዝናም ለእነርሱም እንቅፋት ሆነ። ወንዞቹ ሞሉ፤ መልእክተኞቹ ዘገዩ፤ ከአንዱ ወገን የመጣው ሲደርስ ሌላው ወገን ገና ከሙላት ማዶ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን በዘመን አቈጣጠሯ ከሐምሌ 19 ጀምሮ ያሉትን ቀኖች የመብረቅ፥ የነጎድጓድ፥ የባሕር፥ የአፍላግና የጠል ወራት ብላ ትጠራቸዋለች። ውጊያው የሆነው ሐምሌ 21 ቀን፥ በዚሁ ክፍል ውስጥ ነበር። አርበኞቹ ወደ ከተማው ውስጥ ዘልቀው በጀግንነት ተዋጉ፤ ነገር ግን ኃይላቸው ባንድነት ባለመድረሱ በመድፍና በመትረየስ ብዛት ተመልሰው ወጡ።

አቡነ ጴጥሮስ በከተማው ውስጥ በጠላት እጅ ወደቁ። ወዲያውም ለፍርድ አቀረቧቸው። የተከሰሱበትም ነገር ሕዝቡን ለዐመፅ አነሣሥተዋል የሚል ነበር። ከእርሳቸው የተፈለገው ጥቂት ነገር ይመስላል። ለመገዛት እሺ ብለው፥ አርበኞቹን አውግዘው፥ ሕዝቡም እንዲገዛ ቢሰብኩ ነፍሳቸው ትድን ነበር። ሹመታቸውም ይቀርላቸው፥ ምናልባትም ይጨመርላቸው ነበር። ጠላት የአንድ ሽማግሌ ሞት ብዙ እንደማይጠቅመው፥ የአንድ ጳጳስ ቃል ግን ከብዙ ሻለቃ ጦር እንደሚበልጥ ያውቅ ነበርና።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ቦታ ጥቂት ቆመህ አስብ። ብፁዕነታቸው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ደም እንዳይፈስ ብዬ ነው ለማለትም ምክንያት አያጡም ነበር፤ ጦርነቱም የተሸነፈ ይመስል ነበር፤ ንጉሡ በአገር የለም፥ ሠራዊቱ ተበትኗል፥ ከተማው ተይዟል። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ጥበብ የሚባለው ብዙ ጊዜ ጭንቅላትን ዝቅ አድርጎ ማሳለፍ ነው። እርሳቸው ግን የሹመታቸውን ትርጕም አሰቡ። ሕዝቡ ብዙ ዘመን የለመነው በቋንቋው የሚናገርለትን አባት ነበር። ያን ቋንቋ ሕዝቡን ለባዕድ ለማስረከብ ቢጠቀሙበት፥ ከአስተርጓሚው ዘመን የከፋ ይሆን ነበር። ስለዚህ እንቢ አሉ። አርበኞቹን ሽፍቶች ብለው ከማውገዝ ይልቅ፥ ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪው እንዳይገዙ በቃላቸው አሰሩ።

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ረቡዕ፥ የጾም ቀን፥ ሕዝብ በተሰበሰበበት አደባባይ በጥይት ተደብድበው ዐረፉ። ሲነገር እንደኖረው፥ ከመገደላቸው በፊት መስቀላቸውን አንሥተው ሕዝቡን በየማዕዘኑ ባረኩ። ጠላት መቃብራቸው የሕዝብ መሰብሰቢያ እንዳይሆን ፈርቶ ሥጋቸውን በስውር ቀበረው። ነገር ግን የሰማዕት ሥጋ ቢሰወር ደሙ አይሰወርም። መቃብራቸው ስላልታወቀ የሞቱባት ከተማ ሁሉ እንደ መቃብራቸው ተቈጠረች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። አብረዋቸው የተሾሙት አቡነ ሚካኤል በጎሬ እንደ እርሳቸው በጠላት ተገደሉ። ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. ምሕረት ታደርግላችኋላችሁ በሚል ቃል ተታለው በፍቼ ተገደሉ። የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ፥ በግንቦት ወር ደግሞ በደብረ ሊባኖስ የፈሰሰው ደም ተቈጥሮ የሚያልቅ አይደለም። ይህ ሁሉ ግን የታሰበውን ፍርሃት አላመጣም። በየዱሩ የተበተነው አርበኛ በተስፋ መቍረጥ ጊዜ አንድ ጳጳስ ለእርሱ ብሎ መሞቱን ያስብ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ ጠላት ከተማውን በያዘ ልክ በአምስተኛው ዓመት፥ ሰንደቅ ዓላማችን ተመልሶ ተሰቀለ። ከነጻነት በኋላ መታሰቢያ ሐውልት ተሠራላቸው። ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው የደም ድምፅ በሚለው ድርሰታቸው፥ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት በሚለው ተውኔቱ ታሪካቸውን ለትውልድ አስተላለፉ። በ2005 ዓ.ም. ለከተማው የባቡር ሐዲድ ሥራ ሲባል ሐውልቱ ከቦታው ተነሣ፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው አዝኖ ነበር፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ግን በ2008 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመለሰ። አሁን ባቡሩ ከሥራቸው በተቈፈረው ዋሻ ያልፋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ደብራችንና ወደ ሰፈራችን ልመለስ። መርካቶ የሚለው ስም የኢጣልያኖች ቃል ነው፤ ትርጕሙም ገበያ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ የሚገበያየው በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። አቡነ ጴጥሮስን የገደለው መንግሥት፥ ነጭና ጥቍር እንዳይቀላቀል ብሎ ባወጣው ሥርዐት የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ አስነሥቶ በ1930 ዓ.ም. ዙሪያ ወደዚህ ወደ አዲስ ከተማ አዛወረው። እንግዲህ የምንነግድበት ቦታ በመጀመሪያ ሰውን ከሰው ለመለየት የተከለለ ነበር ማለት ነው። የእግዚአብሔርን ሥራ ተመልከቱ! ለመለያየት የተከለለው ቦታ ከኢትዮጵያ ማዕዘን ሁሉ የመጣ ሰው የሚገናኝበት ሆነ። ጉራጌው፥ አማራው፥ ኦሮሞው፥ ትግሬው፥ ስልጤውና ዶርዜው በአንድ ተራ ይነግዳል፤ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድም ጎን ለጎን ቆመው ይኖራሉ። ሸማ ተራ፥ ምናለሽ ተራ፥ ቆርቆሮ ተራ እየተባለ ሰፈሩ በሸቀጡ ይጠራል። በኋላ ዘመን ነጋዴው ባሕር ተሻግሮ ከዐረብ አገር ልብስና ልዩ ልዩ ዕቃ ማምጣት በጀመረ ጊዜ፥ የእኛም ሰፈር ዱባይ ተራ ተባለ።

በደብራችን የክረምቱ ሥርዐት ከሰኔ ጀምሮ ይታያል። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን በጴጥሮስና በጳውሎስ በዓል ይፈታል። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ የፍልሰታ ሱባኤ ይገባል። በሌላው ወራት ሱቁን ለመክፈት የሚቸኵለው ነጋዴ በዚህ ሱባኤ ጎሕ ሳይቀድ መጥቶ ኪዳን አስደርሶ ይሄዳል፤ ቀትር ካለፈ በኋላም ቅዳሴ ለማስቀደስ ሱቁን ለባልንጀራው አደራ ሰጥቶ ይመለሳል። በቡሄ ዋዜማ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ ሙልሙል ይቀበላሉ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናሙ በድንገት በወረደ ጊዜ መንገዱ ጎርፍ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሸክም የተሸከመው ሠራተኛ፥ ጉልት የምትቸረችረው እናት፥ ሱቁ የሚያፈሰው ነጋዴ፥ ሁሉም በቅጽሩ በርና በደጀ ሰላሙ ጥግ ይጠለላል። በዚያ ጥግ ባለጠጋና ድኻ አይለይም፤ ዝናም ያረጠበው ሁሉ እኩል ነው። ሰንበቴው ከዳቦው ቈርሶ፥ ከጠላው ቀድቶ ለእንግዳው ሳይሰጥ ራሱ አይቀምስም። የማኅበራችን ክብር ይህ ነው።

ነገር ግን እውነቱን ደብቆ ማመስገን ከመምህር አይጠበቅምና የሚያሳስበንንም እናገራለሁ። ሰንበቴውን የመሠረቱት ነባር ቤተሰቦች ከፊላቸው በሞት ተለዩ፤ ከፊላቸውም ሰፈሩ ሲፈርስና ፎቅ ሲሠራበት ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውረው ሄዱ። ዱባይ ተራ ዛሬ ጧት የሚሞላ፥ ማታ ባዶ የሚቀር ሰፈር ሆኗል። ቅጽራችን ቀን በሰው ይጨናነቃል፤ የሰንበቴው ተራ የደረሰ ጊዜ ግን ጽዋውን የሚቀበል ሰው ይታጣል። ሰው ቆሞ ተሳልሞ ያልፋል፤ አጠገቡ የተሳለመው ሰው ማን እንደሆነ፥ ታምሞ ይሁን ደኽይቶ አይጠይቅም። ይህ ነገር በዚሁ ከቀጠለ ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ የምናወርሰው ሕንፃ እንጂ ማኅበር አይሆንም።

ለዚህ ነው የአቡነ ጴጥሮስ ታሪክ ለእኛ የሚያስፈልገን። እርሳቸው ከሕዝቡ ጋራ የተሳሰሩት በአንድ ሰፈር በመኖር አልነበረም፤ መከራውን አብሮ በመቀበል ነበር። በአንድ መንደር ኖሮ የማይተዋወቅ አለ፤ በሩቅ ኖሮ በመከራ ቀን የሚደርስ አለ። ስለዚህ ወደ ዳርቻ የተዛወሩት ወገኖቻችን ሩቅ ነን ብለው ጽዋቸውን አይተዉ፤ በዚህ የሚነግዱትም እንግዳ ነን ብለው ከማኅበሩ አይራቁ። በቅኔ ትምህርት ሰሙን ብቻ ይዞ የሚቀር ተማሪ ወርቁን አላገኘም ይባላል። የቆመው ሐውልት ሰም ነው፤ ወርቁ ግን እንጀራውን፥ ፍርሃቱንና ሞቱን ከሕዝቡ ጋራ የተካፈለ እረኛ ነው።

ስለዚህ በየዓመቱ ሐምሌ 22 ቀን፥ ከኪዳን በኋላ፥ የደብራችን ማኅበር ስማቸውን እያነሣ ዝክር ቢያደርግ፥ ልጆችም ታሪካቸውን ቢማሩ መልካም ነው። ዝክሩም ለተጋበዘ ብቻ አይሁን፤ በዚያ ቀን ዝናም ያሳደደው፥ በበረንዳ የሚያድረው ልጅና ዕቃ ተሸካሚው ጎልማሳ ቀድመው ይቀመጡ። እንዲህ ብናደርግ ሰማዕቱ ደማቸውን ያፈሰሱለት ሕዝብ በማዕዳችን ዙሪያ ይገኛል፤ ኢዮቤልዩውም በእውነት የርስት መመለሻ ይሆናል።

የሰማዕቱ የአቡነ ጴጥሮስ በረከት በእኛና በአገራችን ላይ ይደር፤ ክረምቱን የባረከ አምላክ ለመስከረሙ አበባ በሰላም ያድርሰን። አሜን።